ባንዲራ ፊት ዝም ያሉ ልጆች

«አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ሲባል ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ደጋግመን ስለምንለው ነገሩ ከተቋጨ የቆየ ይመስለናል፤ የግሉ በየቤቱ፣ የጋራው በአደባባይ ይቀመጥና ሁሉም በሰላም ይኖራል። አባባሉ የማይነግረን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንዲት ደቂቃ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚደረግ ነው። አገር «ለባንዲራው እጅህን አንሳ» ትላለች፤ እምነቱ ደግሞ «ከፈጣሪ በቀር ለማንም እንዳታነሳ» ይለዋል። ሰውየው የቱን ይስማ? ሰውየው የአሥር ዓመት ልጅ፣ ቦታውም አምስተኛ ክፍል ቢሆንስ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ጥያቄ በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ መልሶታል፤ መልሶቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው በ1940፣ ሁለተኛው በ1943 ተሰጠ (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ንግግር ነፃነት፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሃይማኖት መቻቻል በየመድረኩ የሚባለው ብዙ ነው። ሦስቱ እንዴት እንደሚነካኩ ለመረዳት ግን ከእነዚህ ሁለት ፍርዶች የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። ቀስ ብለን ከሥሩ እንጀምር።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጠዋት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለባንዲራውና ባንዲራው ለሚወክለው ሪፐብሊክ ታማኝ እንደሚሆኑ ቃል ይገባሉ። ይህን ቃል ኪዳን በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የተባለ የባፕቲስት ፓስተር ነው። ሰውየው ሶሻሊስትም ነበር፤ ዛሬ ለቃል ኪዳኑ ሽንጣቸውን ገትረው የሚከራከሩ አንዳንዶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ። ጽሑፉ የወጣው በአንድ የወጣቶች መጽሔት ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 400ኛ ዓመት መከበሩ ነበር። የእግዚአብሔር ስም ያኔ አልተጠራም፤ የገባው በ1954፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ቀዝቃዛ ጦርነት በጋለበት ወቅት ነው። ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ተማሪዎቹ እንደ ዛሬው እጃቸውን ልባቸው ላይ አያደርጉም ነበር፤ ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ባንዲራው ቀጥ አድርገው ይዘረጉ ነበር። በ1930ዎቹ ይህ አቋም ከናዚዎች ሰላምታ ጋር መመሳሰሉ ብዙ ሰው ያሳቅቅ ጀመር። በመጨረሻም በዲሴምበር 1942 ኮንግረስ «እጅ ልብ ላይ ይሁን» ብሎ ደነገገ።

የይሖዋ ምስክሮች የታሪኩ ዋና ባለቤቶች ናቸው። እነሱ እንደሚያምኑት፣ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 ለምስል መስገድ መከልከሉ ለባንዲራ ሰላምታ መስጠትንም ይጨምራል። ሂትለር በ1933 ሥልጣን እንደያዘ ጀርመን ውስጥ ታገዱ፤ ለሂትለር ክብር እጃችንን አናነሳም ያሉት እየታፈሱ ማጎሪያ ካምፕ ገቡ፣ ልብሳቸው ላይም ሐምራዊ ሦስት ማዕዘን ተሰፋ። በ1935 በአሜሪካ የነበረው መሪያቸው ጆሴፍ ራዘርፎርድ የጀርመን ወንድሞቹን ጽናት አወድሶ፣ ለአሜሪካ ባንዲራም ሰላምታ መስጠት ከአንድ አማኝ እንደማይጠበቅ ተናገረ። እንቢታው ከአሜሪካ ጥላቻ የመጣ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። መነሻው በሌላ አገር፣ ለሌላ ባንዲራ፣ በሕይወት የተከፈለ እንቢታ ነው።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ማይነርስቪል በምትባል የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ የአምስተኛ ክፍሉ ዊሊያም ጎቢታስ ክንዱን ሳይዘረጋ ቀረ። አስተማሪው በግድ ልታነሳለት ስትታገል ኪሱን ጨብጦ ያዘ። በማግስቱ የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቱ ሊሊያንም እንዲሁ አደረገች። ሊሊያን የክፍሏ አለቃ ነበረች፤ ስለዚህ የምታጣው ነገር ከወንድሟ ይበልጥ ነበር። ዊሊያም ለትምህርት ቦርዱ በእጁ ደብዳቤ ጻፈ። አገሩን እንደሚወድ፣ እግዚአብሔርን ግን አብልጦ እንደሚወድና ትእዛዙን መጠበቅ እንዳለበት በልጅ ቋንቋ አስረዳ። ቦርዱ ኖቬምበር 6 ቀን 1935 ተሰብስቦ ሁለቱንም አባረራቸው። ከከተማዋ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ነበር፤ የይሖዋ ምስክሮች ደግሞ የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ በመዝለፍ ይታወቁ ነበር። አባትየው አነስተኛ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ እንዳይገበይም አድማ ተጠራ።

አባትየው ከሰሰ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናለት። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ጁን 3 ቀን 1940 ስምንት ለአንድ ተሸነፈ። ቀኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ ወደብ ተጭኖ በመሸሽ ላይ ነበር፤ ፈረንሳይም ልትወድቅ ቀናት ቀርተዋት ነበር። ዳኞቹ ፍርዱን የጻፉት ከሬዲዮው በሚሰማ በዚህ ወሬ መካከል ሆነው ነው።

የብዙኃኑን ፍርድ የጻፈው ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ነው። ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1894 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ኒው ዮርክ ሲደርስ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። የሕዝብ ትምህርት ቤት ተቀብሎ አሳደገው፣ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ለዜጎች መብት የሚሟገተውን የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ1920 ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ለእሱ የክፍሉ ባንዲራ ከአንድ የቪየና ልጅ አንድ አሜሪካዊ ያወጣ ነገር ነው። ስደተኛ ሆኖ ልጁን በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ይህን ስሜት በቀላሉ ይረዳዋል። የፍርዱም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ የአገር አንድነት የደኅንነቷ መሠረት ነው፤ አንድነት ደግሞ በምልክትና በሥነ ሥርዓት ይጠነክራል፤ ለሁሉም እኩል የወጣን ሕግ አንድ ሰው «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ብሎ ሊዘለው አይችልም፤ ሕጉ ጥሩ ይሁን አይሁን የሚመዝነው ሕዝብ የመረጠው አካል ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ሃርላን ስቶን ነበር።

ፍርዱ በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሰው ያነበበው «ፍርድ ቤቱ እነዚህ ሰዎች ከሐዲ ናቸው አለ» ብሎ ነው። ዳኞቹ እንዲያ አላሉም፤ የሆነው ግን ሆነ። ከስድስት ቀን በኋላ በሜይን ግዛት ኬንበንክ ከተማ የመሰብሰቢያ አዳራሻቸው ተቃጠለ። ኢሊኖይ ውስጥ ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ ወደ ስልሳ የሚጠጉትን ደበደበ። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሪችዉድ ላይ የተፈጸመው ለእኔ ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም ያደረገው ተራ ሕዝብ ብቻ አይደለም። አንድ የሸሪፍ ረዳት ባጁን አውልቆ፣ ሰዎቹን በከተማው ማዘጋጃ ቤት አግቶ የጉሎ ዘይት በግድ አስጠጣቸው፤ ከዚያ በገመድ አያይዘው በመንገድ ላይ ነዷቸው። በመብት ተሟጋቹ ኅብረት ሪፖርት መሠረት በዚያ ዓመት ወደ 1,500 የሚጠጉ የይሖዋ ምስክሮች በ44 ግዛቶች ውስጥ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ሳትቀር ሕዝቡ እንዲረጋጋ መለመን ነበረባት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደብቄ ማለፍ አልፈልግም፤ የይሖዋ ምስክሮች ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የሚኖሩ ገራገሮች አልነበሩም። በዚያው 1940፣ ከጎቢታስ ፍርድ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀደም ብሎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካንትዌልን ጉዳይ ወስኖ ነበር። ካንትዌልና ሁለት ልጆቹ ኮኔቲከት፣ ኒው ሄቨን ውስጥ ከነዋሪው አብዛኛው ካቶሊክ በሆነበት ሰፈር በየደጁ እየዞሩ ይሰብኩ ነበር። ከልጆቹ አንዱ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች አስቁሞ በተንቀሳቃሽ ግራሞፎን ሸክላ ላሰማችሁ አላቸው፤ እሺ አሉት። ሸክላው ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲሰድብ ሰሙ። ሁለቱም ካቶሊኮች ነበሩ፤ ደማቸው ፈላ፤ «ከዚህ ካልጠፋህ እንመታሃለን» አሉት። ልጁ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ፖሊስ ሰላም በማደፍረስ ከሰሰው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ነፃ አወጣው። ልጁ አልተሳደበባቸውም፣ እጁን አላነሳባቸውም፣ ሂድ ሲሉት ሄዷል፤ የተናገረው ማስቀየሙ ብቻውን ወንጀል አያደርገውም ተባለ።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። በሜይ 1940 በአሜሪካ ሕግ የሌላውን ሃይማኖት በአደባባይ መዝለፍ ይቻል ነበር፤ በጁን ባንዲራ ፊት ዝም ማለት አልተቻለም። የሚያስቆጣ ንግግር ተፈቀደ፣ ማንንም የማይጎዳ ዝምታ ተቀጣ። ይህ ተቃርኖ ዳኞቹን ራሳቸውን ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ በ1942 ከስምንቱ ሦስቱ፣ ብላክ፣ ዳግላስና መርፊ፣ በሌላ ጉዳይ ላይ ሐሳባቸውን ሲጽፉ የ1940ው ፍርድ ስሕተት እንደነበር በግልጽ አስታወቁ። ዳኛ ከወንበሩ ሳይወርድ «ተሳስቼ ነበር» ማለቱ በየትም አገር ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም።

በጃንዋሪ 1942፣ ፐርል ሃርበር በተመታ በወሩ፣ የዌስት ቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ በግዛቱ ያለ አስተማሪና ተማሪ ሁሉ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ። የወላጅና መምህራን ማኅበር፣ ስካውቶች፣ ቀይ መስቀል ሳይቀሩ «አቋሙ የሂትለርን ይመስላል» ብለው ተቃወሙ፤ ቦርዱም ለነሱ ትንሽ ማሻሻያ አደረገ። የይሖዋ ምስክሮች ደግሞ ሌላ ቃል አቀረቡ፦ ለእግዚአብሔር እንታመናለን፣ ባንዲራውን እናከብራለን፣ ከአምላክ ሕግ ጋር የማይጋጨውን የአገሪቱን ሕግ ሁሉ እንጠብቃለን አሉ። ይህን ግን ቦርዱ አልተቀበለም። የመመሪያው አሠራር ወጥመድ ነበር ማለት ይቻላል። ሰላምታ የማይሰጥ ልጅ «በእንቢተኝነት» ይባረራል፤ ከተባረረ «ያለ ፈቃድ የቀረ» ይባላል፤ ልጁ ቀርቷል ተብሎ ወላጁ እስከ 50 ዶላርና እስከ 30 ቀን እስራት ይቀጣል። አስወጥቶ «ለምን ቀረህ?» ማለት ነው። ልጆቹንም ጥፋተኛ ሕፃናት ወደሚታረሙበት ተቋም እንልካለን የሚል ማስፈራሪያ ነበር።

ቻርልስተን አካባቢ በምትገኝ አነስተኛ ትምህርት ቤት የሚማሩት እህትማማቾች ማሪ እና ጌቲ ባርኔት ገና ትንንሽ ልጆች ነበሩ። እነሱም ተባረሩ፤ ቤተሰቦቻቸውም ከሰሱ። (የሁለቱም ቤተሰቦች ስም በመዝገብ ላይ በስሕተት ተጽፎ እስከ ዛሬ በስሕተት ይጠራል፤ መዝገብ ቤት የትም መዝገብ ቤት ነው።) ዳኛ ጆን ፓርከርና ሁለት ባልደረቦቹ የ1940ውን ፍርድ እያወቁ አንከተለውም ብለው ለልጆቹ ፈረዱ፤ የበታች ፍርድ ቤት እንዲህ ሲያደርግ ድፍረት ይጠይቃል። ቦርዱ ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ያነበበው ጁን 14 ቀን 1943፣ አሜሪካውያን የባንዲራ ቀን በሚያከብሩበት ዕለት ነው። ስድስት ለሦስት ሆነው ለልጆቹ ፈረዱ።

ጸሐፊው ሮበርት ጃክሰን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኑረምበርግ ላይ የናዚ መሪዎችን የሚከሰው ጃክሰን። ከፍርዱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያማሩትን ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ አስተሳሰብን በግድ አንድ ማድረግ የሚያስገኘው የመቃብር ቦታ ዓይነት ስምምነት ነው ማለቱን፣ የትኛውም ባለሥልጣን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በፖለቲካ፣ በብሔራዊ ስሜት ወይም በሃይማኖት ትክክለኛው እምነት ይህ ነው ብሎ መደንገግ እንደማይችል መጻፉን። ለእኔ ግን የፍርዱ እውነተኛ ብልኃት ጥያቄውን በቀየረበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ካልያዝን ቀሪው ሁሉ ያመልጠናል።

ፍራንክፈርተር በ1940 የጠየቀው፣ «ሕጉ ለሁሉም የሚሠራ ከሆነ፣ ሃይማኖተኛው ለብቻው ነፃ ሊባል ይገባዋል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የይሖዋ ምስክሮች ልዩ ምሕረት ለማኝ ሆነው ይታያሉ። ጃክሰን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፦ «ቆይ፣ መንግሥት ማንንም ሰው ቢሆን የማያምንበትን እምነት በአፉ እንዲናገር የማዘዝ ሥልጣን መጀመሪያ አለው ወይ?» ከሌለው፣ ሃይማኖተኛውን ነፃ ማውጣት የሚባል ነገር አያስፈልግም። መብቱ የይሖዋ ምስክሩ ብቻ አይደለም፤ የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ በምንም የማያምነውም፣ ፖሊሲ ተቃውሞ የሚቀመጠውም ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በምሳሌ እንየው። ቦርዱ «የይሖዋ ምስክር የሆነ ይቀመጥ፣ ሌላው ይነሣ» ቢል ኖሮ በመጀመሪያው ጠዋት ምን ይሆናል? አስተማሪዋ ማን እውነተኛ የይሖዋ ምስክር እንደሆነ መመርመር አለባት። የእናቱ እምነት እንጂ የአባቱ ያልሆነስ? ባለፈው ሳምንት የተለወጠስ? በቁጥር ትንሽ ስለሆነ ስሙ በዝርዝሩ ያልተጻፈ እምነትስ? ሳይታሰብ የትምህርት ቢሮ ሠራተኛው የሃይማኖት መርማሪ ይሆናል፤ ይህኛውን እምነት «ከባድ»፣ ያኛውን «ቀላል» ብሎ ይመዝናል። ብዙ ሃይማኖት ባለበት አገር ደግሞ ከሚዛኑ ውጭ የሚቀሩት ሁልጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። መቻቻል የሚባለው ነገር ከባለሥልጣን የሚሰጥ ይለፍ ከሆነ፣ ይለፉን የሰጠ እጅ ነገ ይነጥቀዋል። የጃክሰን መንገድ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ማንም ልጅ ለምን ዝም እንዳለ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ አገር ፍቅርም የሰጠው መልስ ከዚሁ የሚቀዳ ነው። ቦርዱ የሚፈልገው ልጆቹ የማያምኑትን ትተው እንዲያምኑ ነው፣ ወይስ ሳያምኑ እንዲሉ ብቻ? ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ከሆነ ያገኘው አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ዜጋ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በግዴታው የተጎዳው ማን እንደሆነ ሲታይ በፍቅር የሚዘምረውም ነው እላለሁ። ሁሉም ተገዶ በሚነሣበት ክፍል ከልቡ የሚነሣው ልጅ ከፈሪው አይለይም፤ ታማኝነቱ የሚታይበት ቦታ ተነጥቋል።

ፍራንክፈርተር አልተረታም። የልዩነት ሐሳቡን የጀመረው በታሪክ እጅግ የተሰደደ ወገን አባል መሆኑን በማስታወስ ነው፤ የሕሊና ነፃነት ዋጋ አይገባውም እንዳይባል። በግሉ መመሪያውን እንደማይወደው፣ ዳኛ ግን የማይወደውን ሕግ ሁሉ «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ማለት እንደማይችል ጻፈ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ያልተመረጡ ዘጠኝ ሰዎች የተመረጡትን ውሳኔ እየሻሩ የሚኖሩበት አገርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሕዝብ ነፃነቱን በራሱ መጠበቅ ይዘነጋል የሚለው ስጋትም እውነትነት አለው። የሚያዳክመው አንድ ነገር ነው፦ የይሖዋ ምስክሮች በእምነታቸው ምክንያት በምርጫ አይሳተፉም። ድምፅ የማይሰጥን ሰው «በምርጫ አሸንፈህ ሕጉን አስለውጥ» ማለት በሩን ዘግቶ ግባ እንደማለት ነው። ጃክሰንም የሰው መሠረታዊ መብት በምርጫ ውጤት ላይ መንጠልጠል የለበትም ብሎ ነው የመለሰው።

ፍርዱ የማይሸፍነውንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ትምህርት ቤቱ ሥነ ሥርዓቱን ማካሄድ ይችላል፤ የሚወድ ይዘምራል። ዝም ያለው ልጅም ሌሎቹን መረበሽ አይፈቀድለትም። የንግግር ነፃነት ለሁሉም ነገር ሽፋን እንዳልሆነ ራሳቸው የይሖዋ ምስክሮች በ1942 አይተውታል፤ ቻፕሊንስኪ የተባለ ሰባኪያቸው ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አንድ የከተማ ሹም ፊት ለፊት ቆሞ «ፋሺስት» እያለ ስለሰደበው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ቅጣቱን አጸናበት፤ ፊት ለፊት ጠብ የሚያጭር ስድብ ጥበቃ የለውም ተባለ። ሌላው ወሰን፣ ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ኬፐርኒክ በ2016 መዝሙር ሲዘመር ሲንበረከክ ቀጣሪው የግል ቡድን ስለነበር የባርኔት ፍርድ በቀጥታ አይደርስለትም ነበር። በሌላ በኩል፣ ፍርዱ ከክፍል ውጭም ተራምዷል፤ በ1977 የኒው ሃምፕሸር ነዋሪ የሆነ አንድ የይሖዋ ምስክር የመኪናው ታርጋ ላይ ያለውን የግዛቱን መፈክር በመሸፈኑ ከታሰረ በኋላ፣ ሰው የመንግሥትን መፈክር ተሸክሞ እንዲዞር አይገደድም ተብሎ ተፈርዶለታል።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከአሜሪካ በባሰ ብዙ ቋንቋና ብዙ ሃይማኖት ያላት ህንድም ገጥሟታል። በ1985 ኬረላ ውስጥ ሦስት የይሖዋ ምስክር እህትና ወንድሞች ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር በአክብሮት ቆሙ፣ ግን አልዘመሩም። ተባረሩ። በ1986 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለሳቸው፤ መቆማቸው አክብሮት ነው፣ ዝምታቸውም ንቀት አይደለም፣ መዘመርን የሚያስገድድ ሕግም የለም አለ። የህንዱ ፍርድ ከአሜሪካው የሚለየው፣ ከንግግር ነፃነት ጋር የሃይማኖት ነፃነትንም እኩል መደገፊያ ማድረጉ ነው። ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚወጣው ነገር ነው፤ እዚህ ልለፈው።

ከእኛ ደጅ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሚያሳዝን ነው። በኦክቶበር 1994 የኤርትራ መንግሥት በፕሬዚዳንቱ አዋጅ የይሖዋ ምስክሮችን ዜግነት ነጠቀ። ምክንያቱ በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ አለመስጠታቸውና ብሔራዊ አገልግሎት አንገባም ማለታቸው ነበር። ከአዋጁ ጥቂት ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 1994 የታሰሩ ሦስት ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ 26 ዓመት ታስረው የተፈቱት በዲሴምበር 2020 ነው። ለነፃነት ሠላሳ ዓመት የታገለ ሕዝብ ድምፅ የመስጠትን ክብር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያንን ድምፅ ያልሰጠ ሰው ከሐዲ ቢመስለው አይገርምም። የሚገርመው የዌስት ቨርጂኒያው ቦርድ ያላሰበውን ቅጣት፣ ዜግነትን ራሱን መንጠቅን፣ መንግሥቱ ለዚያ ስሜት መሣሪያ ማድረጉ ነው። የይሖዋ ምስክሮቹ የኤርትራ ጠላቶች እንዳልነበሩ፣ ለኢትዮጵያም ጦር ቢጠሩ እንደማይዘምቱ የታወቀ ነው።

በእኛም በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንንም ሰው ሃይማኖቱን የመያዝ ነፃነቱን በሚገድብ ሁኔታ በኃይል ማስገደድ ክልክል ነው ይላል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት ለመያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በየትምህርት ቤቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በሰልፍ ቆሞ መዘመር ግን በአብዛኛዎቻችን አስተዳደግ ውስጥ እንደ መተንፈስ ያለ ልማድ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንቀጾች ጋር አገናኝቶ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ወደ አሜሪካ ለመጡ ወገኖቻችን ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው። ዜግነት ሲወስዱ የሚምሉት መሐላ አለ፤ መሐላው አገርን በጦር መሣሪያ መከላከልን ይጨምራል፤ ሃይማኖቱ ጦር መያዝ ለማይፈቅድለት ሰው ግን ያ ሐረግ ይቀርለታል። ለዚህም መንገድ የጠረገው በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ አንድ የካናዳ ተወላጅ አድቬንቲስት ነው፤ ጦር አልይዝም፣ በሌላ ግን አገለግላለሁ አለ፣ ተቀበሉት። ያ አዋቂ ሰው መርጦ የሚምለው ነው። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚሉት ግን ያልመረጡት ነው፤ ከትውልድ አገሩ ተሰዶ ለመጣ አባት ደግሞ ልጁ ያንን ቃል ሲል ማየት ኩራት ነው፤ እንደ ፍራንክፈርተር። ልጁ የአሥራ ስድስት ዓመት ሆኖ በሆነ ምክንያት «አልነሣም» ቢል፣ እቤት ምን ዓይነት ጭቅጭቅ እንደሚነሣ መገመት አያዳግትም።

የባርኔት ፍርድ ለዚህ መልስ የለውም፤ ማሪ እና ጌቲ ከአባታቸው ጋር አንድ ቃል ስለነበሩ መብቱ የልጅ ይሁን የወላጅ መለየት አላስፈለገም። ግዛቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሄደዋል። በቨርጂኒያ ሕግ ቃል ኪዳኑ በየዕለቱ ይባላል፤ ነገር ግን ተማሪው ራሱ ወይም ወላጁ በሃይማኖት፣ በአስተሳሰብ ወይም በሌላ ምክንያት ከተቃወመ ልጁ አይገደድም። በፍሎሪዳ ግን ተማሪው የወላጁን ጽሑፍ ማምጣት አለበት። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ከሶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 ወላጅ ልጁን የማሳደግ መብት አለው ብሎ ለሕጉ ፈረደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ሳያየው ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትማር አንዲት የኢትዮጵያውያን ልጅ በራሷ ቃል ተቀምጣ መቅረት ትችላለች፤ ፍሎሪዳ፣ ማያሚ የሚማረው የአጎቷ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ አባቱን ማስፈረም ይኖርበታል።